የማዘር ቤተክርስቲያን

ማዘር እሑድን የሚጀምሩት ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነበር። ባርኔጣው ከሣጥኑ ወጥቶ ይራገፋል፤ ነጩ ጓንት ታጥቦ ይሰጣል፤ መባው በቤተክርስቲያኗ ፖስታ ታሽጎ፣ ስማቸውና የገንዘቡ ልክ በላዩ ተጽፎ መጽሐፍ ቅዱሳቸው ውስጥ ይገባል። እኔ ቆሜ አቀብላለሁ። ማዘር የምላቸው የምንከባከባቸውን አዛውንት ነው፤ ሥራዬ ሆም ኬር ነበር፤ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ኒው ዮርክ ለገባን ሴቶች፣ እንግሊዝኛው ገና ሳይፈታልን የሚገኘው ሥራ እሱ ነው። አበስላለሁ፣ አጥባለሁ፣ መድኃኒታቸውን በሰዓቱ አቀርባለሁ፤ እሑድ ሲሆን ደግሞ ክንዳቸውን ደግፌ ሃርለም ውስጥ እስካለው 138ኛው ጎዳና አደርሳቸዋለሁ። ቤተክርስቲያናቸው እዚያ ናት፤ ስሟም አቢሲኒያን ባፕቲስት ቸርች ነው።

ይህን ስም የሰማ ሐበሻ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ «የእኛ ሰዎች ናቸው የከፈቷት?» መልሱ አጭር አይደለም። ማዘርም ባንድ እሑድ አልነገሩኝም፤ ደረጃ ስንወጣ፣ ታክሲ ስንጠብቅ፣ ሾርባው እስኪበርድ፣ ቆንጠር ቆንጠር እያደረጉ ነው የነገሩኝ። የቀረውን በኋላ ራሴ እያነበብኩ ሞላሁት። እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

እኔ የደረስኩባት ቤተክርስቲያን ትልቅ ነበረች። ግራጫ የድንጋይ ሕንፃ፣ ባለቀለም መስታወት፣ ነጭ ጓንት ያጠለቁ አስተናጋጆች፤ በር ላይ ደግሞ ኳየሩን ሊሰሙ ገና በጠዋቱ የሚሰለፉ ቱሪስቶች። ማዘር ሰልፉን በባርኔጣቸው ሥር ገልመጥ አድርገውት ያልፋሉ። ይህችን ትልቋን ያከብሯታል፤ የሚወዷት ግን ትንሿን ነበር። ትንሿን እሳቸውም አላዩዋትም። ከቨርጂኒያ መጥተው በልብስ አጣቢነት የኖሩት አያታቸው የነበሩባት፣ ማሃተን ደቡብ ውስጥ ከአንዱ ሰፈር ወደ ሌላው የተንከራተተችው ማኅበር ናት።

እኔ ያደግኩት ቀጨኔ መድኃኔዓለም ደጅ ነው። ቤተክርስቲያን ውስጥ ጫማዬን ሳላወልቅ መቀመጥ ለብዙ ጊዜ ከብዶኝ ነበር። ሰው ተቀምጦ ይጸልያል፤ መጋቢው ሲሰብክ ምእመኑ ከየወንበሩ ይመልስለታል፣ ያበረታታዋል፣ አንዳንዴም ያስቸኩለዋል። ታቦት የለም፤ የውሃ ገንዳ ግን አለ። ባፕቲስቶች ሕፃን አያጠምቁም። ሰው አድጎ፣ ራሱ አምኖ፣ ራሱ ጠይቆ፣ ነጭ ለብሶ ገንዳው ውስጥ ገብቶ ሙሉ በሙሉ ይጠልቃል። ማዘር የተጠመቁት በአሥራ ሁለት ዓመታቸው ነው፤ ውሃው እንዴት እንደቀዘቀዛቸው ከስድሳ ዓመት በኋላም ይነግሩኝ ነበር። እኛ ዘንድ ሴት ልጅ በሰማንያ ቀኗ እንደምትጠመቅ ስነግራቸው ከት ብለው ሳቁ። «ማን ጠየቀሽ ታዲያ?» አሉኝ።

ይህ «ማን ጠየቀሽ» የሚለው ነገር፣ ኋላ እንደገባኝ፣ የቤተክርስቲያኗ ታሪክ ሁሉ መነሻ ነው።

በ1808 ኒው ዮርክ ገና ባሪያ የሚሸጥባትና የሚለወጥባት ከተማ ነበረች። የክፍለ ግዛቷ ሕግ ባርነትን ቀስ በቀስ ማስቀረት የጀመረው በ1799 ሲሆን፣ ጨርሶ የቀረው በ1827 ነው። ጎልድ ጎዳና ላይ የነበረችው ፈርስት ባፕቲስት ቸርች ጥቁርም ነጭም አባላት ነበሯት። የተጠመቁበት ውሃ አንድ ነው፤ የሚቀመጡበት ቦታ ግን ለየቅል። ለጥቁሮቹ የተከለለ ስፍራ አለ፤ ቀድመው ቢመጡም፣ ወንበሩ ባዶ ቢሆንም፣ ከዚያ ውጭ መቀመጥ አይፈቀድላቸውም። በዚያ ዓመት ጥቂቶቹ «እዚያ አንቀመጥም» አሉና ወጡ። አብረዋቸው በንግድ ወደ ከተማዋ የመጡ ኢትዮጵያውያን እንደነበሩ የቤተክርስቲያኗ ትውፊት ይናገራል፤ አቢሲኒያን የሚለው ስምም ከእነዚያ ሰዎች አገር የተወሰደ ነው ይላል።

ስለ ነጋዴዎቹ ብዙ አሰላስዬአለሁ። 1808 እኛ ዘንድ ዘመነ መሳፍንት ነው። የየጁው ራስ ጉግሳ ደብረ ታቦር ላይ፣ ራስ ወልደ ሥላሴ ትግራይ ላይ፤ ጎንደር ያሉት ነገሥታት ለስም ያህል፤ ምጽዋ በቱርክ ስም በሚገዙ ሰዎች እጅ። ከዚያ ተነሥቶ አትላንቲክን የሚሻገር ነጋዴ ምን ጭኖ፣ በማን መርከብ? እንዲህ ብዬ ስጨርስ ደግሞ ሌላ ነገር ይታወሰኛል። በዚያው ዘመን የሳሌም ከተማ አሜሪካውያን መርከበኞች ቡና ፍለጋ ሞካ ድረስ ይመላለሱ ነበር፤ ሞካ ከቀይ ባሕር ማዶ ናት። በመርከብ ላይ ተቀጥሮ የሄደ አንድ ሁለት የባሕር ዳርቻ ልጅ አይጠፋም። ስሙንም ለማውጣት የግድ ነጋዴ አያስፈልግም ነበር፤ በዚያ ዘመን የነበረ ጥቁር አሜሪካዊ መጽሐፍ ቅዱስ ገልጦ ባሪያ ሳይባል ራሱን የሚያገኝበት ስም ኢትዮጵያ ነው፤ ከዳዊት መዝሙር «ኢትዮጵያ እጆቿን ወደ እግዚአብሔር ትዘረጋለች» የምትለዋን ጥቅስ የማያውቃት አልነበረም። ይህን ሁሉ ለማዘር ዘርዝሬ ነገርኳቸው። በትዕግሥት ሰሙኝና «ልጄ፣ መጥተዋል» አሉ። ክርክሩ በዚሁ ተዘጋ።

እኔን ግን ከስሙ ይልቅ የመሥራቾቹ አካሄድ ነው የሚደንቀኝ። እኛ ዘንድ ቤተክርስቲያን ለመትከል ታቦት ያስፈልጋል፤ ታቦቱን የሚባርክ ጳጳስ ያስፈልጋል፤ ጳጳሱ ደግሞ ለዘመናት የሚመጣው ከግብፅ ነበር። ከራሳችን ወገን ሊቀ ጳጳስ ያገኘነው አቡነ ባስልዮስ በ1951 ሲሾሙ ነው፤ ፓትርያርክ የሆኑት ደግሞ በ1959። ባፕቲስቶች ግን ከላይ የሚጠብቁት ሹመት የለም። ያመኑና የተጠመቁ ጥቂት ሰዎች ተሰብስበው ቃል ኪዳን ከገቡ ቤተክርስቲያን ሆኑ ማለት ነው። መጋቢያቸውን በድምፅ ይመርጣሉ፤ ካልሆነላቸውም በድምፅ ያሰናብታሉ። አንዱን ማኅበር ለቆ ሌላው የሚገባ አባል የሚጠየቀው ከቀድሞው የስንብት ደብዳቤ ይዞ እንዲመጣ ነው። እነዚያ የኒው ዮርክ ጥቁሮችም ተቆጥተው ቢወጡም ሥርዓቱን አላፈረሱም፤ በማግስቱ ዓመት ደብዳቤያቸውን ጠይቀው ተቀብለዋል። በዚያች ከተማ ፍርድ ቤት ቆሞ ሰው መሆኑን ማስረዳት የሚቸግረው ሰው፣ በሃይማኖቱ ደንብ ግን ከማንም እኩል ድምፅ ነበረው። ደንቡን የጻፉት ነጮች ይህን አስበውት ይሁን አይሁን እንጃ።

የሚያደራጃቸው ሰው ከቦስተን መጣ። ቶማስ ፖል ይባላል፤ ነፃ ሰው ሆኖ ኒው ሃምፕሸር የተወለደ፣ ቦስተን ላይ የጥቁሮችን ባፕቲስት ማኅበር ያቋቋመ፣ በ1806 ደግሞ የራሳቸውን ሕንፃ ያስመረቀ ሰባኪ ነው። ኒው ዮርክ መጥቶ ማኅበሩን ሥርዓት አስያዘና ተመለሰ። በ1823 ሃይቲ ድረስ ሄዶ ሰብኳል። ማዘር ስለ እሱ ሲናገሩ ትናንት ቤታቸው ገብቶ ቡና እንደጠጣ ሰው ነበር የሚያነሡት።

የመጀመሪያው ቤታቸው አንቶኒ ጎዳና ላይ ነበር። ዛሬ ዎርዝ ጎዳና ይባላል። ኒው ዮርክ የኖረ ስደተኛ ሁሉ ያንን ሰፈር ያውቀዋል፤ የኢሚግሬሽን ቢሮው ያለበት ትልቁ የፌዴራል ሕንፃ እዚያው ነው። አሻራ ለመስጠት፣ ለቃለ መጠይቅ፣ በብርድ ተሰልፌ በቆምኩባቸው ጠዋቶች ሁሉ የእነዚያ ሰዎች ጎዳና ላይ ነበር የቆምኩት። በ1991 ደግሞ እዚያው አጠገብ አዲስ የመንግሥት ሕንፃ መሠረት ሲቆፈር አጽም ወጣ። በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የጥቁሮች መቃብር የነበረ፣ ከተማዋ በላዩ የተሠራችበትና የረሳችው ቦታ ነው። ከ400 በላይ አስከሬን ተነሣ፤ በ2003 በክብር ተመልሶ ተቀበረ። ጉዳዩ ሃርለምን አንቀጥቅጦት ነበር። ማዘር ጋዜጣውን ቆርጠው ያስቀምጡ ነበር፤ «የእነዚህ ልጆች ናቸው ከጎልድ ጎዳና የወጡት» አሉኝ አንድ ቀን። የመቃብሩ ዘመን ከቤተክርስቲያኗ ምሥረታ ጥቂት ቀደም ስለሚል ነገሩ የማይሆን አይደለም።

ከአንቶኒ ጎዳና በኋላ ያለውን የመቶ ዓመት ታሪክ ሰዎች ዘለው ያልፉታል፤ ስመ ጥር ሰው የለበትማ። አባላቱ አጣቢዎች፣ ወጥ ቤቶች፣ መርከበኞች፣ ባለጋሪዎች ነበሩ። መጋቢዎች ይመጣሉ፣ ይሄዳሉ። አንዳንዱ ዘመን በኪራይ ቤት ነው፤ አንዳንዱ ከዕዳ ጋር በመታገል። በ1863፣ በእርስ በርሱ ጦርነት መካከል፣ ምልመላ ያስቆጣቸው ነጮች ማሃተን ላይ ተነሥተው ጥቁር ያገኙትን ሁሉ አሳደዱ፤ ሰው በየመብራት እንጨቱ ሰቀሉ፤ የጥቁር ሕፃናትን ማሳደጊያ አቃጠሉ። ብዙ ጥቁር ከተማውን ጥሎ ወጣ። አቢሲኒያን ግን በማግስቱ ዓመት ግሪኒች ቪሌጅ ውስጥ፣ ዌቨርሊ ፕሌስ ላይ ቤት ገዝታ ገባች። እኔ ብሆን ያን ዓመት ቤት አልገዛም ነበር።

የማዘር አያት የደረሱት ዌቨርሊ ፕሌስ ላይ ነው። ከእሳቸው የወረደው ወሬ ስለ ስብከት አልነበረም፤ ስለ እራት ነው። ዶሮ ጠብሰው፣ ኬክ ጋግረው፣ ለማገዶና ለመጋቢው ደሞዝ የሚሆን ገንዘብ ከመሬት በታች ባለው ክፍል ሲሸጡ። ሴቶቹ ሸጡ፣ ሴቶቹ ቆጠሩ፤ በስብሰባው ላይ ስለ ገንዘቡ ረጅም ንግግር ያደረጉት ወንዶቹ ናቸው። ይህን ስሰማ ቀጨኔ ያለው የእናቴ ማኅበር ትዝ አለኝ።

በ1902 ወደ 40ኛው ጎዳና ተዛወሩ፤ የሴተኛ አዳሪዎችና የቁማር ቤቶች ሰፈር ነበር። በ1908፣ ልክ መቶ ዓመት ሲሞላቸው፣ አዳም ክሌይተን ፓውል የሚባል መጋቢ ከኒው ሄቨን ጠርተው ሾሙ። ከዚህ ወዲያ ያለው በመጽሐፍ የተጻፈው ታሪክ ነው። ፓውል ጥቁሩ ሕዝብ ወደ ሃርለም እየጎረፈ መሆኑን አይቶ ቤተክርስቲያኗም ትከተል አለ። አባላቱ እንቢ አሉ። ዓመታት ፈጀ። መጋቢ ቢሆንም፣ ስመ ጥር ቢሆንም፣ ድምፅ ከሌለው ማዘዝ አይችልም። በመጨረሻ እሺ ሲሉ 138ኛው ጎዳና ላይ ቦታ ተገዛ፤ ሕንፃው በሰኔ 1923 ተመረቀ። ወጪው ከ300 ሺህ ዶላር በላይ ነበር፤ የከፈሉት ከደሞዛቸው አሥራት እያወጡ፣ ገረዶችና በረኞች ናቸው። በ1928 ዕዳው ተከፍሎ አልቆ የብድሩን ወረቀት በጉባኤ ፊት አቃጠሉት። ማዘር የአሥር ዓመት ልጅ ነበሩ፤ አባታቸው ትከሻቸው ላይ አውጥተው እሳቱን አሳይተዋቸዋል።

ትንሿ ማኅበር ያን ጊዜ አበቃች ማለት ይቻላል። ሺዎች ገቡ። ታላቁ የኢኮኖሚ ውድቀት መጥቶ በ1930 ፓውል የነፃ ምግብ ማደያ ከፈተ፤ የማዘር እናት እዚያ ድንች ይልጡ ነበር። በዚያው ዓመት ዲትሪሽ ቦንሆፈር የሚባል ወጣት ጀርመናዊ የነገረ መለኮት ሰው ዩኒየን ሴሚናሪ ለመማር መጥቶ፣ ፍራንክ ፊሸር የሚባል ጥቁር የትምህርት ቤት ጓደኛው አቢሲኒያን አስተዋወቀው። በሰንበት ትምህርት ቤት ወንዶች ልጆችን አስተማረ። ሲመለስ የጥቁሮቹን መዝሙር ሸክላ ይዞ ሄደ፤ ኋላ ፊንከንቫልደ ላይ በመራው የሰባኪዎች ትምህርት ቤት ለተማሪዎቹ ያሰማቸው ነበር። በሚያዝያ 1945 ናዚዎች ሰቅለው ገደሉት። ነጭ ጎብኚዎች ስለ እሱ ማዘርን መጠየቅ ይወዳሉ። «እኔ የሴቶቹ ክፍል ነበርኩ» ብለው ይገላገላሉ።

አሁን ወደ እኛ።

ማዘር ቤት በገባሁ ሰሞን ከየት እንደመጣሁ ሲሰሙ ማንኪያቸውን አስቀምጠው ትክ ብለው አዩኝ። «ሳንቲሜ ደረሰቻችሁ?» አሉ። አልገባኝም። ልጃቸው ከማድ ቤት እየሳቀች ወጥታ አስረዳችኝ። 1935 ነው። ሙሶሊኒ ሊወረን ሲዘጋጅ ሃርለም ከእኛ ከተሞች ባላነሰ ተናውጦ ነበር። በአቢሲኒያን አዳራሽ ስብሰባ ይጠራል፤ የመጋቢው ልጅ፣ ታናሹ አዳም ክሌይተን ፓውል፣ ከተናጋሪዎቹ አንዱ ነው። በጎዳናው ሰልፍ ይወጣል። ወጣቶች ለመዝመት ስማቸውን ያስመዘግባሉ፤ የአሜሪካ ሕግ ግን ለሌላ አገር መዋጋትን ይከለክላል። እንደ አብራሪው ጆን ሮቢንሰን ያሉ ጥቂቶች ብቻ ናቸው የደረሱልን። የማዘር እናት ከጣሊያናዊው በረዶ ሻጭ መግዛት አቁመው በበጋው ወተታቸው ሲበላሽ ከረመ። ማዘር አሥራ ሰባት ዓመታቸው ነበር፤ ልጅ በመጠበቅ ከሚያገኙት ላይ በየሳምንቱ ሳንቲም ወስደው ለኢትዮጵያ በተዘጋጀው ሣጥን ይጨምሩ ነበር። ዓመታት ቆጥረው የመጀመሪያዋን ሐበሻ ቤታቸው ሲያገኙ ሒሳብ ጠየቁ።

መልስ አልነበረኝም። ትምህርት ቤት ስለ ዓድዋ፣ ስለ ማይጨው፣ ስለ ጄኔቫ ተምሬአለሁ፤ ስለ ሃርለም አንድ መስመር አላነበብኩም። በኋላ ቤተ መጻሕፍት ገብቼ ፈለግሁ። ኒው ዮርክ ያሉ ጥቁር ሐኪሞች ለኢትዮጵያ መከላከያ ያቋቋሙት የሕክምና ኮሚቴ 75 አልጋ የሚይዝ የመስክ ሆስፒታልና ሁለት ቶን የሚመዝን የሕክምና ዕቃ ልኮ ነበር። በ1936 ደግሞ ጃንሆይ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና የተማሩትን ዶክተር መላኩ በያንን ወደ አሜሪካ ላኩ፤ እሳቸውም በማግስቱ ዓመት ኒው ዮርክ ላይ የኢትዮጵያ ዓለም ፌዴሬሽንን መሠረቱ። አገራቸው ነፃ ስትወጣ ሳያዩ በ1940፣ በአርባ ዓመታቸው አረፉ። ይህን በወረቀት ጽፌ ለማዘር አነበብኩላቸው። ስለ ሁለቱ ቶን ሲሰሙ ጥቂት አሰቡና «እንግዲያው አንዷ ፋሻ የእኔ ናት» አሉ። ከዚያ ወዲህ የቤቱ ሰው ሆንኩ።

ጃንሆይ በ1954 አሜሪካን ሲጎበኙ አቢሲኒያን መጥተዋል። ታናሹ ፓውል ያን ጊዜ መጋቢም የኮንግረስ አባልም ነበር። ንጉሡ የኢትዮጵያ መስቀል አበረከቱ፤ ቤተክርስቲያኗም ምልክቷ አድርጋ እስከ ዛሬ ይዛዋለች። ከማዘር ጎን ተቀምጬ እንግሊዝኛው ሲያመልጠኝ ዓይኔ የሚያርፈው እሱ ላይ ነበር። ማዘር ያን ቀን የሚያስታውሱት የንጉሡን ቁመት ነው፤ እንዲያ አጭር መሆናቸውን ማንም አልነገራቸውም።

ከዚህ ጉብኝት ጋር የሚያያዝ፣ ለማዘር ያልነገርኳቸው አንድ ነገር አለ። በ1944 ጃንሆይ ባወጡት ደንብ አገሪቱ ለሚሲዮኖች በሁለት ተከፍላ ነበር፤ የተዋሕዶ ክርስቲያን በሚበዛበት አካባቢ የውጭ ሰባኪ ሃይማኖት ማስፋፋት አይችልም። አቢሲኒያን ባፕቲስት ቸርች የአቢሲኒያን ስም በኩራት ተሸክማ ሳለ፣ ባፕቲስት ሰባኪ ጎንደር ላይ ቆሞ ማጥመቅ ክልክል ነበር። በ1960ዎቹ መጨረሻ አሜሪካውያን ባፕቲስቶች መንዝ ሲገቡም የገቡት በሕክምና፣ በእንስሳት እርባታና በእደ ጥበብ ሥራ ነው። የቀጨኔ ልጅ ሆኜ ደንቡን እረዳዋለሁ፤ ማዘር አጠገብ ተቀምጬ ግን አፌን ሞልቼ አልከላከልለትም።

ስለ እኛ ስለ ስደተኞቹም ልናገር። ኒው ዮርክ ስገባ ቀድመውኝ የመጡ ዘመዶች የሰጡኝ ምክር «ሃርለም አትኑሪ፣ ከጥቁሮቹ ጋር አትግጠሚ» የሚል ነበር። «ጥቁሮቹ» ይላሉ፤ እነሱ ሌላ ቀለም እንዳላቸው ሁሉ። ምክሩን የሚሰጡት ክፉ ሰዎች አልነበሩም፤ ታክሲ እየነዱ፣ ጋራዥ እያደሩ፣ አገር ቤት ላለ ሰው ብር የሚልኩ ናቸው። ነገር ግን የገቡበት የሥራ ቦታ፣ የተከራዩት ቤት፣ ልጆቻቸውን የሚያስተምሩበት ትምህርት ቤት የተከፈተላቸው በማን ትግል እንደሆነ ጠይቀው አያውቁም። በኩራት ተጀንነን፣ ስማችንን ሁለት መቶ ዓመት ግድግዳቸው ላይ ጽፈው የኖሩ ሰዎችን በሩቁ እንሸሻቸው ነበር። ይህ እስከ ዛሬ ያናድደኛል፤ የልጆቻችን ነገር ግን እየተለወጠ ነው፤ ሃርለምን ሳይፈሩ ያድጋሉ።

ማዘር ያረፉት ክፍለ ዘመኑ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ነው። ልጃቸው ከእኔ ጋር አልተለያየችም። በ2007፣ እኛ ሁለት ሺህን ስንቀበል፣ አቢሲኒያንም ሁለት መቶኛ ዓመቷን ልታከብር ስትዘጋጅ፣ በመጋቢ ካልቪን በትስ መሪነት ከ150 የሚበልጡ አባላት ወደ ኢትዮጵያ ተጓዙ። ልጅየዋ አንዷ ነበረች። ምን እንደምትለብስ፣ ምን እንደማትበላ፣ ሳትጠጣ ማለፍ የሌለባትን ቡና ሁሉ ነግሬ ላክኋት። ተመልሳ ስትደውልልኝ ስለ ተራራው፣ ስለ ጥንታዊነቱ፣ ስለ ጽላቱ የምታወራልኝ መስሎኝ ተዘጋጅቼ ነበር። «አንቺ» አለችኝ፤ «ላሊበላ ውስጥ ወንበር የለም እንዴ? ሰዉ ሁሉ ቆሞ ነው!» ነገርኳት፤ መቋሚያ ተደግፈን ለሰዓታት እንደምንቆም፣ መቀመጫ የሚባል ነገር ከጥንትም እንዳልነበረን። ዝም አለችና ሳቋ መጣ። የማኅበሯ ሰዎች በወንበር ምክንያት ቤተክርስቲያን ጥለው ወጡ፤ የአገሩን ስም ይዘው ሁለት መቶ ዓመት ኖሩ፤ አገሩ ሲደርሱ ደግሞ ወንበር የሚባል የለም። እኔም ሐቁን አልደበቅኳት፦ እኛም ወንድ በአንድ ወገን፣ ሴት በሌላ ወገን ነው የምንቆመው፤ ከዚያ ውስጥም ወደ ፊት የሚደርስና የማይደርስ አለ። «አውቃለሁ፣ አይቻለሁ» አለች፤ «ወደ ወንዶቹ በኩል ልሄድ ስል አንዲት ሴትዮ እጄን ይዘው መለሱኝ።»

ዛሬ ማዘር በሄዱበት መንገድ የምትሄደው እሷ ናት፤ ባርኔጣው ራሱ የእናቷ ነው። መጋቢ በትስ በ2022 ሲያርፉ ቤተክርስቲያኗ እንደገና መጋቢ ፍለጋ ገባች። ነገሩ እንዲያ በቀላሉ አላለቀም፤ ክርክሩ ከቤተክርስቲያን አልፎ ጋዜጣ ላይ ወጣ። ሁለት መቶ ዓመት ሙሉ ወንበሩን የሞሉት፣ ዶሮውን የጠበሱት፣ ሒሳቡን የቆጠሩት ሴቶች ሆነው ሳለ ዋና መጋቢ የሆነች ሴት የለችም፤ አሁንስ? የሚለው ጥያቄ ጎልቶ ተነሣ። በ2024 አባላቱ ድምፅ ሰጡና ኬቪን ጆንሰን የሚባሉ ሰው ተመረጡ። በዚያ ሰሞን ደውዬ ለማን ድምፅ እንደሰጠች ጠየቅኋት። የባፕቲስት ድምፅ በእሷና በእግዚአብሔር መካከል እንደሆነ፣ ለማንም እንደማትናገር ኮስተር ብላ ገለጸችልኝ። ከዚያ ለማን እንደሰጠች፣ ለምን እንደሰጠች፣ ጎረቤቷ ለማን እንደሰጠችና በምን እንደተሳሳተች አርባ ደቂቃ ሙሉ አስረዳችኝ።